ጭራ የሌለው ምርኩዝ

ሐሙስ፣ ሰኔ 7 ቀን 1999

ሠላሳ አራቱም ምልክቶች አለቁ! ሦስት ሳምንት ዓይኔን ያፈሰሰውን ሥራ ዛሬ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዘጋሁት። ደስ ብሎኛል፣ ማንም ደስ እንዳለኝ እንዲያይ ግን አልፈልግም።

አጨራረሱ እንዲህ ነው። ሠላሳ አራቱን በአንዴ መረጥኩና የማለስለሻውን ትእዛዝ ተጫንኩ። ትርፍ ነጥቦቹ ረገፉ። አንዱን መስመር የሚይዘው ስልሳ ነጥብ ነበረ፣ አሁን አራት ብቻ ቀረ። መስመሩ ውኃ የመሰለ ሆነ።

የከብት ገበያው ኮሚቴ በገበያው በር ላይ ቦርድ ሊሰቅል ነው። የየቤቱ የግመል ምልክት፣ ያ በጋለ ብረት የሚተኮሰው፣ ከነባለቤቱ ስም ይሳልበታል። ጠብ ሲነሳ ሰው ቦርዱን አይቶ ይዳኛል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ በከሰል ወረቀት ላይ ሳሉልኝ፣ እኔ ስካን አድርጌ በላዩ ላይ በኮምፒውተር አሰመርኩት። የከሰሉ ሥዕል ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጫፉ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦

ውፍረት ሁሉ አንድ ዓይነት።
ጫፍ ሁሉ ክብ።
ቁመት ሁሉ እኩል።
የእጅ መንቀጥቀጥ አይገባም።

ወደዚህ ሳልሰደድ አገር ቤት የመንገድ ንድፍ ስስል በነበረ ጊዜ የተበላሸ መስመር የሚስተካከለው በምላጭ እየተፋቀ ነበር። ምላጩ ወረቀቱን ከቀደደው የሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። አሁን አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ያን ጊዜ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ጣቶቼ እንዲህ አይቆራረጡም ነበር።

ሀቢባ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ብዙ አታለስልሺው አቦ። የእነዚህ ሰዎች እጅ ዝም ብሎ አይንቀጠቀጥም» አለችኝ። ሱቁ የእሷ ነው። ፎቶ ኮፒውና የፓስፖርት ፎቶውም የእሷ ነው፣ ኮምፒውተሩን ግን በጋራ ነው የገዛነው። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ መስመር ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ዛሬ ምን አገባት? ፎቶ ኮፒሽን ጠብቂ አልኳት፣ ሳቀች።


ዓርብ፣ ሰኔ 8

መብራት ሁለቴ ሄደ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሞኒተሩ ይርገበገባል፣ ይቃጠላል ብዬ ነፍሴ ወጣች። እንደምንም አተምን። በአንድ ገጽ ስድስት ምልክት፣ በጠቅላላው ስድስት ገጽ። ሀቢባ በፕላስቲክ ለበጠቻቸው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሐጂ ኑር ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው አዩት። እያንዳንዱ የራሱን ቤት ምልክት ፈልጎ አገኘ፣ «ባሲ፣ በቃ፣ ጥሩ ነው» አለ፣ ወጣ። የሌላውን ቤት ያየ ሰው የለም። ያልመጡ ነበሩ። ከነሱም አንዱ ሽማግሌው ጋልማ ናቸው። ግመል ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ወርደዋል፣ መቼ እንደሚመለሱ ዝናቡ ነው የሚያውቀው። ሐጂ ኑር «የቀረው ቢቀር ሺዳ የለም፣ ግድ የለም፣ ቦርዱ ነገ ይሰቀላል» አሉ።

ማዶ ያለው የኮምፒውተር ሱቅ ሰውዬ ሁለት ጊዜ በበራችን አለፈ። ሁለት ጊዜ! ሲጋራ ሊገዛ ነው ትላለች ሀቢባ። ሲጋራ የሚሸጠው በወዲያኛው በኩል ነው። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ በመሃረብ ቋጥሬ ወሰድኩት።


ሰኞ፣ ሰኔ 11

ቀትር ላይ እማማ ዳኪ መጡ። ሄሉ መንደር ውስጥ የግመል ወተት የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፣ የጋልማ ቤት ምራት። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። ሀቢባ «አኮ ዳኪ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ እጃቸውን ያዘች። አኮ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ዓርብ ዕለት የምትታለብ ግመላቸው ጠፋች። ዛሬ ገበያ ውስጥ ከጉዮ ቤት ግመሎች መሃል አዩዋትና ገመዷን ያዙ። ዘበኛው ሁለቱንም ወገን ወደ አዲሱ ቦርድ ወሰዳቸው። በቦርዱ ላይ የጋልማ ቤት ምልክት ባዶ ምርኩዝ ነው፣ ቆልመም ያለ ራስ ብቻ። የጉዮ ቤት ግን ምርኩዝ ሆኖ ከግርጌው አጭር ጭራ አለው። ግመሏም ላይ ያለው ባለ አጭር ጭራ ነው። ስለዚህ የጉዮ ናት ተባለ። አንዱማ በሰው መሃል «ሌባ» ብሏቸዋል።

«የእኔ ግመል ነው» አሉ እማማ ዳኪ። «ምልክታችን ጭራ አለው። ድሮም አለው። የግመሉ ልጅ ቤት ውስጥ ይጮሃል። አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

እኔ ነኝ አልኳቸው።

ግመሏ እስከ ዓርብ በገበያው በረት ትቆያለች። ሌላ ማስረጃ ካልመጣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጉዮ ቤት ትሰጣለች። አማታቸው ጋልማ ግጦሽ ላይ ናቸው፣ እዚያ ስልክ አይደርስም። እማማ ዳኪ የሚኖሩት በዚያች ግመል ወተት ነው።

እሳቸው ሲወጡ ሀቢባ ነገሩን አስረዳችኝ። የጉዮና የጋልማ ቤቶች ጥንት ከአንድ አባት ልጆች ነው የወጡት። ወንድማማቾች ሲለያዩ ታላቁ የአባቱን ምልክት እንዳለ ይዞ ይቀራል፣ ታናሹ ከመስመሮቹ አንዷን ያሳጥራል። ብዙ አወቀች! ነገሩስ እውነት ነው፣ የጉዮ ቤት ምራት አይደለች? ግመሏን የኔ ናት የሚለው አብዲ የባሏ ወንድም ነው። ይህን እስከዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?


ማክሰኞ፣ ሰኔ 12

ሀቢባ ሳትመጣ በጠዋት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ።

የጋልማ ምርኩዝ ጭራ የለውም። እኔ ግን ጭራዋን ስያታለሁ! በዚህ እጄ፣ ሦስት ነጥብ አድርጌ። ትንሽ ናት፣ ዓይኔ ላይ አለች። የጉዮን ከፈትኩ፣ የሱ ጭራ በቦታው አለ። የጋልማ ብቻ ጠፋ ማለት ነው።

ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ሐሙስ ነው። ኮምፒውተሩ አራት ሰዓት ተኩል ይላል፣ በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ሐሙስ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ሽንኩርትና ከሰል ልገዛ ወጥቼ አልተመለስኩም። ማሽኑ ላይ የቀረው ማን ነው? ሀቢባ።

ከዚያ የከሰሎቹን ሥዕሎች ማኅደር አወረድኩ። ሠላሳ ሁለት ወረቀት። ደግሜ ቆጠርኩ። የጋልማና የጉዮ የሉም። ከሠላሳ አራት መሃል እነዚያ ሁለቱ ብቻ!

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። እናቴ ይህን ስትል በልጅነቴ እስቅ ነበር። ካገሬ ወጥቼ፣ ካምፕ ውስጥ በራሽን ሰልፍ ላይ ስሜ ላይ ሌላ ሴት ስትፈርም ካየሁ በኋላ ግን መሳቅ ትቻለሁ።

ሀቢባ ሦስት ሰዓት ላይ ገባች። ማንዳዚ ብስኩት ይዛልኝ መጥታለች፣ ትኩስ። በላሁት። ፊቷን አየሁት፣ ምንም የለበትም። ምንም አለመኖሩ ራሱ አናደደኝ። ልጠይቃት ብዬ ተውኩት፣ ከጠየቅኳት የቀረውንም ማስረጃ ታጠፋዋለች።

ምሳ ስትሄድ ኮምፒውተሩን በምስጢር ቃል ቆለፍኩት። ቃሉን እዚህም አልጽፈውም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 13

ሀቢባ የሰው ማመልከቻ ልትተይብ ተቀመጠችና፣ «ምንድን ነው ይሄ? የምን ቃል ነው የሚጠይቀኝ?» አለች።

«ቫይረስ በዝቷል» አልኳት።

አየችኝ። ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ። «ሳዋ፣ ይሁን» አለችና ተነስታ ፎቶ ኮፒው ጋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር እኔን እያስጠራች ታስከፍተኛለች። ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስቱንም ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች፣ ቃሉን እንዳታይ ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ጨዋነት ከበደል ጋር አይሄድም ብዬ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ፣ ተንኮለኛ ሰው ጨዋነት የሚያበዛው ለዚህ አይደል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው የዋልኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቦዳ ቦዳ ሞተር አስጠርታ ወጣች። ወዴት ነው ብላት ወደ ኦዳ አለችኝ። የአማቶቿ ቤት ኦዳ ነው። ወሬ ልታቀብል ካልሆነ በሥራ ቀን እዚያ ምን ትሠራለች?

እኔም ሱቁን ዘግቼ ሐጂ ኑር ዘንድ ሄድኩ። እንዲህ አልኳቸው፦ «ሥዕሉ ከእጄ ሲወጣ ልክ ነበር። ማሽኑን የሚነካ ሌላ ሰው አለ። ያቺ ሰው የጉዮ ቤት ምራት ናት።»

ሐጂ ኑር ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ ከባድ ቃል ነው። ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ።

ነገ ጽፌ አመጣለሁ አልኳቸው። ስመለስ እግሬ ቀሎኝ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ቅለቱ የለም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 14

ምን ብዬ ልጀምር።

ማስረጃውን በቅደም ተከተል ልጽፍ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ቀንና ሰዓት እንዳልሳሳት ብዬ ነው። ባለፈው ሐሙስ የጻፍኩትን አነበብኩት። «ዛሬ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዘጋሁት።» የኔው እጅ ጽሑፍ ነው። ሽንኩርትና ከሰል የገዛሁት ረቡዕ ኖሯል፣ ከፊት ባለው ገጽ ላይ ከነዋጋው አለ።

ዝቅ ብሎ ደግሞ አለ። ሠላሳ አራቱን በአንዴ መረጥኩ፣ ማለስለሻውን ተጫንኩ፣ ትርፍ ነጥቦቹ ረገፉ። ያንንም እየፎከርኩ ነው የጻፍኩት!

ላለማመን ሞከርኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስካኑ ላይ እንደገና የጋልማን ምርኩዝ አሰመርኩ፣ ጭራዋን በሦስት ነጥብ ሠራሁ፣ ማለስለሻውን ተጫንኩ። ጭራዋ ጠፋች። እንደገና ሠራኋት፣ እንደገና ጠፋች። የጉዮን ሠራሁ። ስካኑ ላይ ጭራው መዳፍ ያህላል፣ ተጫንኩት፣ አውራ ጣት አከለ። ማለስለሻው የጋልማን ጭራ በልቶ የጉዮን አሳጥሮ የጋልማን አስመስሎታል። ሁለቱ የተለያየ ገጽ ላይ ስለሆኑ ጎን ለጎን አላየኋቸውም።

ከዚያ የሠላሳ አራቱንም ስካን አንድ በአንድ ከቦርዱ ሥዕል ጋር አስተያየሁ። ሌሎች ሦስት ቤቶችም ተበላሽተዋል። የአንዱ ጉጥ ጠፍቷል፣ የአንዱ ጥግ ተድበስብሷል፣ የአንዱ ሁለት ጭረት ተጣብቆ አንድ ሆኗል። አምስት ቤት አበላሽቻለሁ። ሀቢባ ከአምስቱ የምትዛመደው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ብዙ አታለስልሺው ብላኝ ነበር። እኔ ምን አልኳት? ፎቶ ኮፒሽን ጠብቂ!

አፈርኩ። ብቻዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊቴ እሳት ሆነ።

ሀቢባ ዛሬ አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ሐጂ ኑር ዘንድ በሩጫ ሄድኩ፣ ትናንት ያልኩትን ላነሳ። ገና አፌን ስከፍት፣ «ለአብዲ ነግሬዋለሁ። ምራታችሁ ማሽኑ ላይ እጇን አስገብታለች ይባላል፣ ነገ ይዘሃት ና ብዬዋለሁ» አሉኝ።

አንድ ቀን እንኳ አልጠበቁም። ምን ብዬ እቆጣለሁ? እኔስ መቼ ጠበቅኩ?

ሱቅ ተመልሼ አምስቱን ምልክቶች እስክጨርስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማለስለሻውን አልነካሁም። ከሰሉ የተንቀጠቀጠበት ሁሉ እንዳለ ገባ። ያምራል አይባልም። የሁለቱ ወረቀቶች ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ማን ወሰዳቸው? እሷው ናት፣ ግን ለምን? ይህን ጥያቄ ራሱ መጠየቄ አሳፈረኝ፣ ሆኖም ጠየቅኩት።


ዓርብ፣ ሰኔ 15

አልቋል።

ከሶላት በኋላ በረቱ ጋ ሰው ተሰበሰበ። እማማ ዳኪ ከግመሏ አንገት ሥር ቆመዋል። እኔ አዲሶቹን ገጾች ይዣለሁ። ሐጂ ኑር ገና ሳይናገሩ ሀቢባ መጣች። አብዲ ከኋላዋ ነው፣ ፊቱ እንደ ጠቆረ። በእጇ ፌስታል አለ። ከፌስታሉ ሁለት ወረቀት አወጣች። የከሰሎቹ ሥዕሎች!

ወደኔ አልዞረችም። ለሐጂ ኑር ነው የተናገረችው። «ሰኞ ማታ ወሰድኳቸው። ለአብዲ ላሳየው ብዬ። ቦርዱ ተሳስቷል፣ ይህ የአኮ ዳኪ ነው አልኩት። እምቢ አለኝ። ረቡዕ ኦዳ ሄጄ አማቴን ለመንኩ። ዛሬ ጠዋት አማቴ፣ 'በስህተት የመጣ ግመል ቤታችን አይገባም' አለች። ነገሩ ቤት ውስጥ ይለቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሥራው የሱቃችን ነው። የወይንሸት ስም እንዳይነሳ ብዬ ነው።»

ወይንሸት እኔ ነኝ።

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። አልተከፈተም። ስለዚህ ተናገርኩ። «ጭራዋን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መስመሩ እንዲያምር ብዬ። ሌሎች አራት ቤቶችም አሉ፣ አስተካክዬ አምጥቻለሁ።»

ሐጂ ኑር፣ «ሌላ ሰው አለ ብለሽኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ብያለሁ። ሀቢባን ጠርጥሬ ነው። ሐሰት ነበር።»

ሀቢባ ያን ጊዜ አየችኝ። እንደ ረቡዕ ቀኑ ዓይነት፣ ረዘም አድርጋ።

የጋልማን ወረቀት ከግመሏ ጭን አጠገብ ዘረጉት። እማማ ዳኪ አውራ ጣታቸውን ከሰሉ ጭራ ላይ አኖሩ፣ ልክ ነው። ከዚያ ቆዳዋ ላይ ያለው ጠባሳ ላይ አኖሩ፣ ያውም ልክ ነው። የጉዮን ወረቀት አብዲ ራሱ ለካው፣ መዳፍ ሙሉ። «የኛ አይደለም» አለ። ገመዱን ፈትቶ ሰጣቸው። «ሌባ» ያለው ሰውዬም መጥቶ እጃቸውን ሳመ።

እማማ ዳኪ ሲያልፉ አጠገቤ ቆሙ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺ፣ ግመል አይተሽ ነው የሣልሽው?» አሉኝ። አላየሁም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ሠላሳ አራት ምልክት ስስል አንድ ግመል አጠገብ አልቆምኩም። «ነገ ሄሉ ነይ» አሉ። «እዪ። ከዚያ ሣይ።» ግልገሏ ትጮሃለች ብለው ቶሎ ሄዱ።

አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ ስገባ ሀቢባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። አጎንብሼ፣ ጉልበቷን ልይዝ ስል እጄን ያዘችኝና፣ «ተይ» አለች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም። ሞኒተሩን በአገጯ እያሳየችኝ፣ «ቃሉን ንገሪኝ» አለች።

ሐጂ ኑር ዘንድ ያልኩትን ቃል መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ገባኝ። ከቃላት ሁሉ ያን ለምን መረጥኩ!

«ጠርጥር» አልኳት።

«እሱን ለእኔ ብለሽ ነው ያወጣሽው?»

«አዎ።»

በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ከዚያ ቃሉ እንዴት እንደሚቀየር ጠየቀችኝ። አሳየኋት። «ዞር በይ» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ፎቶ ኮፒው ጋ ቆምኩ። ቁልፎቹን ስትነካ እሰማለሁ። ረጅም ቃል ነው። ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ልቆጥር ጀመርኩ፣ ደግነቱ ቶሎ ራሴን ያዝኩት፣ ቆጠራውን ተውኩት።

ዘግታው ተነሳች። ቦርሳዋን አነሳች። ማንዳዚ የለም፣ ሳቅ የለም። በሩ ላይ ስትደርስ፣ «ነገ በሁለት ሰዓት ነይ፣ እከፍትልሻለሁ። መጀመሪያ ሄሉ እንሂድ» አለች።

አዲሱን ቃል አላውቀውም። ፋይሎቼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። «እንሂድ» ነው ያለችው ወይስ «ሂጂ»? «እንሂድ» ነው ያለችው።